የማዋለጃ ጉጠትና የሳንጃ ወላድ

ከጎንደር በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ በመንገድ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቈላይቱ ሳንጃና በዙሪያዋ ባለው በታች አርማጭሆ አገር፥ ሴት ምጥ በያዛት ጊዜ ጎረቤቶች ተሰብስበው «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ ይለምኑላታል፤ በደኅና በተገላገለች ጊዜም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉአታል። ይህን ሰላምታ አጥብቆ የተመለከተው ሰው ብዙ ነገር ይማርበታል። እንኳን ልጅ አገኘሽ ከማለት አስቀድሞ እንኳን ተማርሽ መባሉ፥ መውለድ በእናቶች ዘንድ ከሞት ደጃፍ እንደ መመለስ ሲቈጠር መኖሩን ያስረዳልና። ሰላምታውም በከንቱ አልተባለም። በ1992 ዓ. ም. በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከሚወለዱት ከየ100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት እንደሚሞቱ ገልጦ ነበር፤ በ2008 ዓ. ም. በተደረገው ጥናት ይህ ቍጥር ወደ 412 ዝቅ ብሏል። ከግማሽ በላይ መቀነሱ ትልቅ ነገር ነው። የቀሩት እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ለመረዳት ግን ከከተማ ወጥቶ፥ ወንዝና ረጅም መንገድ ከሐኪም ቤት የሚለያቸውን ቀበሌዎች መመልከት ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ፥ ትንሽ ሆኖ ሳለ ብዙ የሚያነጋግር አንድ የብረት መሣሪያ አለ። ፈረንጆች ፎርሴፕስ ይሉታል፤ በአማርኛ የማዋለጃ ጉጠት ቢባል የሚስማማው ይመስላል። ጉጠት ለካህናት እንግዳ ቃል አይደለም፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ባየው ራእይ ፍሙ ከመሠዊያው የተነሣበት ዕቃ ነውና። የአንጥረኛው ጉጠት ፍሙን ወይም ብረቱን ጨምቆ ይይዛል፤ የማዋለጃው ጉጠት ግን የተሠራው ሳይጨምቅ እንዲያቅፍ ነው። ሁለት ክንፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክንፍ እንደ ትልቅ ማንኪያ ሆኖ መካከሉ ክፍት ነው፤ በአንድ በኩል ለሕፃኑ ራስ፥ በሌላ በኩል ለእናቲቱ የዳሌ አጥንት መንገድ እንዲስማማ ሆኖ ጐብጧል። ክንፎቹ ተለያይተው አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ይገባሉ፤ ከገቡም በኋላ በውጭ በኩል ይገጣጠማሉ። አለመገጣጠማቸው ራሱ ምልክት ነው፤ የሕፃኑ ራስ በታሰበው አቅጣጫ እንዳልሆነ ለአዋላጁ ይነግረዋልና፥ አዋቂ እጅ በዚያን ጊዜ ክንፎቹን አውጥቶ ነገሩን እንደገና ይመረምራል እንጂ በኃይል አይገጥማቸውም።

ይህ መሣሪያ የሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። እናቲቱ ብዙ ሰዓት አምጣ ጕልበቷ ሲያልቅ፥ የሕፃኑ የልብ ትርታ ሲደክም፥ በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊት እናቲቱን አንቀጥቅጦ ራሷን ሲያስታት፥ ወይም የልብ ሕመም ኖሮባት መግፋት የማይገባት ስትሆን፥ ልጁ ፈጥኖ እንዲወጣ ያደርጋል። ነገር ግን ወሰን አለው። የማኅፀኑ በር ፈጽሞ ሳይከፈት፥ የእንሽርቱ ውኃ ሳይፈስ፥ የሕፃኑ ራስ ወደ ዳሌው ገብቶ ሳይወርድ፥ ራሱ ወዴት እንደ ዞረ በእጅ ተዳስሶ ሳይታወቅ፥ የእናቲቱም ፊኛ ከሽንት ሳይራገፍ ሊነካ አይገባውም። የሚሳበውም ምጡ ሲመጣ ከምጡ ጋር ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተስቦ ልጁ ካልወረደ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ከዚህ ወሰን ያለፈ ሰው እናቲቱን ይቀድዳል፥ ሕፃኑንም ይጐዳል። ስለ ጉጠቱ በየሀገሩ የሚነገረው ክፉ ወሬ ሁሉ ሐሰት አለመሆኑን መሰወር አይገባም፤ ወሬው የመጣው ግን በአብዛኛው ወሰኑን ካለፉ እጆች ነው።

የመሣሪያው ታሪክ ለአገራችን አዋቂዎች የሚጠቅም ነገር አለበት። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1569 በሃይማኖት ምክንያት ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ቻምበርሌን የሚባል ቤተ ሰብ ነበር። ከልጆቹ ሁለቱ ወንድማማቾች ሁለቱም ፒተር ይባሉ ነበር፤ አዋላጆችም ሆኑ። ጉጠቱን ያወጣው ከሁለቱ ታላቁ እንደ ሆነ ይታመናል። ቤተ ሰቡ ግን ጥበቡን ከመቶ ዓመት በላይ ከልጅ ወደ ልጅ እያስተላለፈ ደብቆ ኖረ። መሣሪያውን በሣጥን ዘግተው ያመጡ ነበር፥ ወላዲቱንም ዓይኗን ይሸፍኗት ነበር ይባላል። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ውጭ በነበሩ አዋላጆች እጅ የሞቱትን እናቶች ማን ይቈጥራቸዋል? የመጀመሪያዎቹ ጉጠቶች በ1813 ኤሴክስ በሚባል አውራጃ፥ ቤተ ሰቡ ይኖርበት ከነበረ ቤት ወለል ሥር ተደብቀው ተገኝተዋል። በኢትዮጵያም ቅጠሉን ከነገሩት ኃይሉ ይጠፋል እያለ የመድኃኒቱን ስም ይዞ ወደ መቃብር የወረደ መድኃኒተኛ ጥቂት አይደለም፤ ነገሩ የሰው ሁሉ ጠባይ ነው።

መሣሪያው ከታወቀ በኋላም በልኩ መያዝ አስቸጋሪ ሆኖ ቈየ። በ1817 የእንግሊዝ ዙፋን ወራሽ የነበረችው ልዕልት ሻርሎት 50 ሰዓት ያህል አምጣ ወንድ ልጅ ሞቶ ተወለደ፤ እርስዋም ወዲያው ሞተች። ሐኪሟ ሰር ሪቻርድ ክሮፍት ጉጠቱ እያለ ተፈጥሮ የራሷን ሥራ ትሥራ ብሎ አልተጠቀመበትም ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ራሱን አጠፋ። ከዚህ በኋላ ሐኪሞች ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። በ1920 በአሜሪካ ጆሴፍ ዴሊ የሚባል ስመ ጥር ሐኪም ጤነኛይቱ ወላድ ሳትቀር በጉጠት ብትወልድ ይሻላል ብሎ እስከ ማስተማር ደረሰ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። ዛሬ ደግሞ በዚያው በአሜሪካ ከመቶ ልጆች አንዱ እንኳ በጉጠት አይወለድም። መተውም ከልክ በላይ መጠቀምም እናቶችን እንደ ጐዳ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ኢትዮጵያም የራሷን ልዕልት በዚሁ መንገድ አጥታለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በለንደን የነርስነትን ሙያ ተምራ ነበር። አገሯ ነፃ በወጣች በዓመቱ፥ በ1934 ዓ. ም. በነሐሴ ወር፥ ባለቤቷ በሹመት በነበረበት በለቀምት ሳለች ከወሊድ ጋር በተያያዘ ደዌ በ22 ዓመቷ ዐረፈች። የንጉሥ ልጅ ሆና፥ ራሷም የሕክምናን ነገር ዐውቃ ሳለች፥ ርቀትና የሐኪም እጦት ያላዘነላት ከሆነ ስለ ሌላይቱ ሴት ምን ይባላል? በስሟ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ታነጸላት። በ1951 ዓ. ም. ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤቱ ዶክተር ካትሪን አዋላጆችን ለማስተማር ከአውስትራልያ የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። በዚያም ሲሠሩ፥ ምጥ ለቀናት ታግቶባቸው ልጃቸው የሞተባቸው፥ ሽንታቸውም ያለ ማቋረጥ የሚፈስስባቸው ሴቶች በእግር ሳይቀር ሲመጡ አዩ። የፊስቱላ ሆስፒታልን በ1974 በፈረንጆች አቈጣጠር ያቋቋሙት ስለዚህ ነው። በ2005 በባሕር ዳር ቅርንጫፉ ተከፈተ፤ በ2007 ደግሞ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን አስተምሮ ወደ የአገራቸው የሚመልስ የአዋላጆች ኮሌጅ ተቋቋመ። ዶክተር ካትሪን እስከ ዕለተ ሞቷ፥ እስከ መጋቢት 2012 ዓ. ም.፥ ከኢትዮጵያ አልተለየችም።

ፊስቱላ የሚመጣው የሕፃኑ ራስ በዳሌው አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ለብዙ ሰዓት፥ አልፎም ለቀናት ሥጋዋን ሲጫናት ነው። የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላም ተበሥቶ ይቀራል። አንዳንድ ሰው በሽታውን ያመጣው መሣሪያው ነው ይላል። አላግባብ የተያዘ መሣሪያ እንዲህ ያለ ጕዳት ሊያደርስ መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ ይህን ደዌ ያበዛው ማንም ሳይረዳት በቤት ውስጥ የቈየ ምጥ ነው። ዳሌዋ ገና ሳይጠና የምትዳር ልጅ ለዚህ አደጋ ይልቁን የተጋለጠች ናት። በ1992 ዓ. ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች የከለከለው ለዚህም ጭምር የሚጠቅም ነው፤ ሕጉ በቈላ መንደር ምን ያህል እንደሚጠበቅ ግን ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቶች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ።

በሐኪም ቤት የሚወልዱ እናቶች ቍጥር መጨመሩ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በ1992 ዓ. ም. ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ. ም. 26፥ በ2011 ዓ. ም. 48 ሆነዋል። ዳሩ ግን ወደ ሐኪም ቤት መድረስ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ከደረሰች በኋላ የሚጠብቃት እጅ ምን ያውቃል የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አንድ ጤና ጣቢያ ለወላድ ሊያደርግ የሚገባውን ሰባት የድንገተኛ ጊዜ አገልግሎት ደንግገዋል። በመርፌ የሚሰጡት ሦስቱ መድኃኒቶች፥ ማለት የቍስል ማመርቀዣን የሚያድነው፥ ማኅፀንን የሚያኰማትረውና መንቀጥቀጥን የሚያስታግሠው አሉ፤ ተጣብቆ የቀረን የእንግዴ ልጅ በእጅ ማውጣት፥ በማኅፀን የቀረውን ማጽዳት፥ ያልተነፈሰውን ሕፃን ማስተንፈስ አሉ፤ ሰባተኛው በመሣሪያ ማዋለድ ነው። በድኻ አገሮች ሁሉ በተደረገው ምርመራ ከሰባቱ አብዝቶ የሚጐድለው ይኸው ሰባተኛው ነው። መድኃኒት ከመጋዘን ይወጣል፤ የእጅ ጥበብ ግን ከመጋዘን አይወጣም። ዕቃው በሣጥን ተቀምጦ አዋላጂቱ በትምህርት ቤት አንድ ጊዜ በአሻንጉሊት ላይ ካየችው በኋላ ነክታው የማታውቅ ከሆነ፥ ዕቃው እንደሌለ ይቈጠራል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሐኪሞች የሚያቀርቡት ክርክር አለ። ቀዶ ሕክምና እንዲህ በተስፋፋበት ዘመን፥ ከ2002 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮም ሐኪም ያልሆኑ የጤና መኰንኖች ቀዶ ለማዋለድ በዩኒቨርሲቲ እየሠለጠኑ ሳሉ፥ ይህን አሮጌ ብረት መልሶ ማስተማር ምን ይጠቅማል? ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ የሕፃኑ ራስ ከላይ ለቀረባት ሴት ከቀዶ ሕክምና በቀር መድኅን የላትምና። ነገር ግን ክርክሩ የታሰበው ለከተማ ነው። በ2008 ዓ. ም. በተደረገው ጥናት በመላው ኢትዮጵያ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 2 ሲሆኑ፥ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 20 በላይ ነበሩ። ደግሞም ማኅፀኗ አንድ ጊዜ የተቀደደላት ሴት በሚቀጥለው ወሊድዋ ጠባሳው እንዳይተረተር በሆስፒታል ልትጠበቅ ይገባታል። የአዲስ አበባ ሴት ይህን ታገኛለች። የአርማጭሆ ሴት ግን ሁለተኛውን ወይም አራተኛውን ልጅ በአዝመራ ጊዜ፥ ከሰው ርቃ በእርሻ ጎጆ ብትወልድ፥ የመጀመሪያው ቀዶ ያዳናት ሴት በእርሱ ጠባሳ ልትሞት ትችላለች። ራሱ ዝቅ ብሎ፥ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶት ለቆመ ሕፃን እናቲቱን ከመቅደድ በፊት እጅ ያለው አዋላጅ ሊሞክር የሚገባው ስለዚህ ነው።

ከጉጠቱ ሌላ ቫኪዩም የሚባለው መሣሪያ አለ። በ1950ዎቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ማልምስትሮም የሚባል የስዊድን ሐኪም ያሻሻለው ነው፤ ጽዋ መሰሉ ክዳን በሕፃኑ ራስ ላይ ተለጥፎ አየሩ ሲወጣለት ይይዛል። ከጉጠት ይልቅ ለመማር ይቀላል፥ እናቲቱንም ብዙ አይቀድድም፤ ስለዚህ በጤና ጣቢያ ደረጃ እርሱ ቢመረጥ የተገባ ነው። ቢሆንም ጉጠቱን ፈጽሞ አይተካውም። ወሩን ሳይጨርስ ለሚወለድ ሕፃን፥ በፊቱ ለሚመጣም ሕፃን ቫኪዩም አይፈቀድም፤ ራሷን ስታ መግፋት ለማትችል እናት ብዙ አይረዳም፤ በእግሩ ወይም በመቀመጫው የመጣ ሕፃን ራሱ ሲቀር የሚረዳው ጉጠት ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያው አንዱን፥ ሆስፒታሉ ሁለቱንም ቢይዝ ይገባል።

ወደ ሳንጃ እንመለስ። አገሩ ቈላ ነው፤ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ ይበቅልበታል። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፥ በጥቅምት ለአጨዳ ከደጋው ብዙ ሕዝብ ወደዚያና ወደ መተማ፥ ወደ አብደራፊና ወደ ሑመራ ይወርዳል። ከሕዝቡ ጋር ወባው ይነሣል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ወባ ነፍሰ ጡርን ደሟን ያሳጣታል፤ ደም ያነሳት እናት ደግሞ በወሊድ ጊዜ ትንሽ ብትደማ ሌላይቱ የምትችለውን እርስዋ አትችለውም። ምጧን ማስረዘም ለእርስዋ ከሁሉ ይልቅ አደጋ ነው። በክረምት አንገረብና ገባሮቹ ሲሞሉ፥ በጥቍር አፈሩ ላይ መኪና አይሄድም፤ በቃሬዛ የተሸከሟት ሰዎችም ወንዙ እስኪጐድል ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። በሳንጃ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ፤ ከእርሱ በላይ ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥታ ጎንደር የምትሄድ ወላድ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቃታል። ከሚያዝያ 2015 ዓ. ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ከነዚህም ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ በአማራ ክልል የጸጥታው መታወክ ከበረታ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜ ሆነ። «ወደ ጎንደር ትሂድ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ አጭር ነው፤ ሕፃኑ የልብ ትርታው ደክሞ፥ ራሱ ከዳሌው በር ላይ ሲደርስ ግን፥ ከመኪናው ይልቅ በአጠገቧ ያለው እጅ ያድናታል።

የጎንደር ሰው ይህን ሐሳብ እንግዳ አድርጎ ሊያየው አይችልም። በ1947 ዓ. ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲልክ፥ የተመሠረተው ሐኪም በማይደርስበት ቦታ የሠለጠነ እጅ ይድረስ በሚል አሳብ ነበር። ዛሬ የሚጠየቀውም የዚያው ተከታይ ነው።

እንግዲህ ሹማምንት ሊመለከቱት የሚገባው፥ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣው የወር ራፖር የተወለዱትን፥ የሞቱትንና ወደ ላይ የተላኩትን ሲቈጥር በመሣሪያ የተገላገሉት ስንት ናቸው ብሎ አጥብቆ የሚጠይቅ መኖሩን ነው። በዓመት ውስጥ በመሣሪያ የተገላገለች አንዲት ሴት እንኳ በሌለችበት ጤና ጣቢያ፥ ይህ ባዶ ቍጥር የመልካም ነገር ምልክት አይደለም፤ ወይ ዕቃው የለም፥ ወይ እጁ የለም፥ ወይም የሚያስፈልጋቸው ሁሉ በመንገድ ላይ ናቸው። አዋላጂቱ በየዓመቱ ለጥቂት ሳምንት ብዙ ሴት ወደሚወልድበት ወደ ጎንደር ሆስፒታል ሄዳ ከታላላቆቿ አጠገብ ብትቆም፥ ከብዙ የአዳራሽ ስብሰባ ይልቅ ይጠቅማታል። በቈላ የሚያገለግል ሠራተኛም ሙያውን ባወቀ ማግሥት ወደ ደጋ የሚሸሽበትን ምክንያት፥ ማለት ሙቀቱን፥ ወባውን፥ የቤት እጦቱንና የደመወዙን ማነስ ሳያቃልሉ እጅ ጠፋ ብሎ መውቀስ ፍርድ አይደለም። ደግሞ በወሰኑ ሠርታ ልጁ ያልዳነላት አዋላጅ እንደ ወንጀለኛ ከተቈጠረች፥ ሌሎቹ ሁሉ ዕቃውን ዳግመኛ አይነኩትም። ምርመራው ወሰኑን አልፋለች ወይስ አላለፈችም በሚለው ላይ ይሁን።

የካህናት ድርሻ ከዚህ ያነሰ አይደለም፤ ምናልባትም ይበልጣል። ጉጠቱ የሚሠራው ሕፃኑ ወርዶ፥ እናቲቱም ገና በሕይወት ጕልበት ሳለች ነው። በቤት ሦስት ቀን አምጣ በአራተኛው ቀን የመጣች ሴት ጉጠትም ቫኪዩምም አይረዳትም። ጠበሉን ማጠጣት፥ ጸሎቱን መድገም፥ እመቤታችንን መማጸን ከሐኪም ቤት መሄድን አይከለክልም፤ በሆስፒታል አልጋ ላይ ያለችውን ሴት ጸሎቱ አይደርሳትም የሚል ትምህርት በቤተ ክርስቲያን የለም። በግብጽ የዕብራውያንን ልጆች ያዳኑት አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ በኦሪት በስማቸው ተጽፈው ይገኛሉ። ትዕማር መንታዎችን ስትወልድ እጁ ቀድሞ በወጣው ላይ ቀዩን ክር ያሰረችው አዋላጅ ናት። ራሔልም በኤፍራታ መንገድ ምጥ ጠንቶባት ስትሞት አዋላጅ በአጠገቧ ነበረች፤ የጐደላት መንገዱን የሚያሳጥርላት ነበር።

የነፍስ አባት በቤት ሁሉ ይገባል፤ ማን እንደ ፀነሰች፥ ወሯም መቼ እንደ ሆነ ከጤና ሠራተኛው ቀድሞ ይሰማል። በየጤና ተቋሙ ለእናቶች ማቆያ ቤት ተሠርቷል፤ ድርስ የሆነች ሴት ምጥ ሳይዛት መጥታ የምትሰነብትበት ነው። ባል የሚከለክለው ብዙ ጊዜ ቤቱን ማን ይይዘዋል፥ ገንፎውን ማን ያገነፋል ብሎ ነው፤ ይህን ለመመለስ ከመሥሪያ ቤት የተላከ ደብዳቤ የነፍስ አባትን ቃል አያህልም። ነፍሰ ጡሮች የሚማጸኑት የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል የሚውለው ጳጉሜን 3 ቀን፥ አንገረብ ገና ሞልቶ ሳለ ነው። በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በየደብሩ የተሰበሰቡትን እናቶች፥ ወራቸው በመስከረም የሚገባው በዚያው ሳምንት ወደ ሳንጃ እንዲወርዱ፥ ባሎቻቸውም ስንቅ አዘጋጅተው እንዲያደርሱአቸው መንገር ይቻላል። ወራቸው በነሐሴ የሆነው ግን ወንዙ ሳይሞላ በሰኔ ሊነገራቸው ይገባል።